ሁለተኛው አረፋ

ባለፈው ዓመት ከድሬዳዋ ወደ ጭሮ ለጎረቤት ለቅሶ ስሄድ ሚኒባሱ ሂርና ላይ ቆመና አንዲት የገጠር ልጃገረድ አጠገቤ ተቀመጠች። ሻሿን ላላ ስታደርገው የቅቤና የቅርንፉድ ሽታ መኪናውን ሞላው። ረዳቱ አፍንጫውን ይዞ «ኧረ መስኮት ክፈቱ!» አለ። እኔ ደግሞ ያላሰብኩት ቁጣ ገነፈለብኝና «ዝጋው! ማን ክፈት አለህ?» ብዬ ጮኽኩበት። ተሳፋሪው ሁሉ ዞሮ አየኝ፤ ልጅቷም ደነገጠች። በዚህ ዕድሜዬ ሚኒባስ ውስጥ ለቅቤ ጠበቃ ሆኜ መቆሜ ለራሴም ገረመኝ። ምን ላድርግ፣ ያ ሽታ የሙሚና ነው።

ሙሚና የአጎቴ የኡመሬ ልጅ ናት። እኔ የአሰበ ተፈሪ ልጅ ነኝ፤ ያኔ ከተማዋን እኛ ጭሮ አንላትም ነበር። አባቴ እዚያው ገበያው ጥግ ልብስ ሰፊ ነበር። እናቴ ግን ከሂርና በላይ ካሉት ተራሮች የወረደች ስለሆነች፣ ክረምት ገብቶ ትምህርት ቤት በተዘጋ ቁጥር ወደ ወንድሟ ወደ አጎቴ ኡመሬ ትልከኛለች። «አየር ትቀይር» ትላለች ለሰው። እውነቱን ለመናገር የምላከው የበቆሎ ጠባቂ ስለሚያስፈልግ ነው። ይህን የማወራላችሁ ክረምት የደርግ መንደር ምስረታ ክረምት ነው። ስንት ዓመቴ እንደነበር በእርግጠኝነት አላውቅም፤ የፊት ጥርሶቼ አዲስ በቅለው ለአፌ የበዙብኝ ጊዜ ነበር።

የአጎቴ ቤት ሸንተረሩ ራስ ላይ ነበር። ከቤቱ ሥር ጫት፣ ከጫቱ ሥር በቆሎ፣ ከበቆሎው ሥር ገደል፣ ከገደሉ ሥር ወንዝ፤ ከወንዙ ማዶ ደግሞ ልክ እንደኛው ያለ ሌላ ሸንተረር። በቆሎው መሃል ከፍ ያለ ማማ ተሠርቶ ነበርና እኔና ሙሚና ከጠዋት ጀምሮ እዚያ ላይ ወጥተን ጦጣ እናባርራለን። ዝናብ ሲመጣ ጆንያ እንደ ቆብ አጥፈን እንደርባለን፤ ሲያባራ እሸት ጠብሰን እንበላለን። ሙሚና ወንጭፏን ካጮኸች በኋላ በዜማ ትጣራለች። ከማዶው ሸንተረር ደግሞ፣ ከሌላ ማማ ላይ፣ አንድ የወንድ ድምፅ ይመልስላታል።

እኔ ነገሩ የጦጣ ጉዳይ ይመስለኝ ነበር። የማዶው ሰው ጦጣዎቹን ወደኛ ይሰዳል፣ እኛ መልሰን ወደሱ እንሰዳለን፣ በመካከሉም በዜማ እንሰዳደባለን ብዬ ነበር የገባኝ። አንድ ቀን በቆሎው ጭር ብሎ ሳለ ስትዘፍን ሰማኋትና «ሙሚና፣ ጦጣ እኮ የለም» አልኳት።

«አለ። አንቺ አላየሽውም» አለችና ሳቋን በመዳፏ ሸፈነች።

የማዶው ጦጣ ስሙ ዩያ ይባላል።

ሸጎዬን፣ የአረፋውን ጭፈራ፣ ለማያውቅ ሰው እንዴት አድርጌ ልንገረው? ልጃገረዶች በአንድ ረድፍ፣ ጎረምሶች በሌላ ረድፍ ፊት ለፊት ይቆማሉ። ከበሮ አያስፈልግም፤ እግርና ጭብጨባ አለ፣ ከደረት የሚወጣ ከባድ ትንፋሽ አለ። አንገት ወዲያና ወዲህ ይወረወራል፣ በቅቤ የራሰ ሹሩባ ይበተናል፣ ሁለት ፊቶች ሊነካኩ ትንሽ እስኪቀራቸው ይቀራረቡና ሳይነካኩ ይመለሳሉ። አንዷ በግጥም ትጠይቃለች፣ ፊት ለፊቷ የቆመው ይመልሳል። ዛሬ በቴሌቪዥን የሚያሳዩን ጥርስ በጥርስ የሆነ ነገር ነው። እኔ ያየሁት ሸጎዬ ላይ ማንም ፈገግ አይልም፤ ቀልድ አልነበረማ።

ያገቡ ሴቶች ጸጉራቸውን በጉፍታ፣ በዚያ ጥቁር ስስ ጨርቅ፣ ጠቅልለው ከዳር ያያሉ እንጂ አይቆሙም። ሸጎዬ ላላገቡ ልጆች ነው። የሚቆሙትም ከሌላ ሰፈር ከመጣ ሰው ጋር ብቻ ነው። የገዛ ሰፈር ልጅ ወንድም ነው፤ ልጃገረድ ፊት ለፊቱ ሸጎዬ ብትቆም ነውር ነው፣ እናት ፊቷን ትሸፍናለች። ስለዚህ አረፋ በመጣ ቁጥር የኛ ሸንተረርና የማዶው ሸንተረር ልጆች ወንዙ ዳር ካለው ሰፊ መስክ ይገናኛሉ። በአንድ አረፋ አብረው የቆሙ ሁለት ልጆች በሚቀጥለውም አረፋ ፊት ለፊት ከቆሙ ነገሩ አለቀ፤ የወንዱ አባት ሽማግሌ ይልካል። ሙሚና ባለፈው አረፋ ከዩያ ጋር ቆማለች። የዘንድሮው ሁለተኛው ነበር።

ይህን ሁሉ የነገረችኝ ማማው ላይ ሆና፣ እኔ ጥርሶቼን በበቆሎ ስፈትን ነው። እናቷ አዴ ሰፊያ ለዚያ ቀን የሚሆን ቅቤ ከቅርንፉድ ጋር በትንሽ ቅል አስቀምጣላት ነበር። ሙሚና ማታ ማታ የቅሉን ክዳን ታነሳና ታስሸትተኛለች፤ ራሷ ግን ጣቷን እንኳ አትነክርም። «ይጎድላል» ትላለች።

ከዕለታት አንድ ቀን ከማማው ላይ ሆኜ ቁልቁል ሳይ፣ ካኪ የለበሱ ሰዎች ከገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር ጋር ወደ መስኩ ወረዱ። ችካል ይመታሉ፣ ሲባጎ ይወጥራሉ። አንድ ረጅም መስመር በዚህ በኩል፣ አንድ ረጅም መስመር በዚያ በኩል፤ መሃሉ ሰፊ ባዶ ቦታ። ፊት ለፊት! ልቤ በደስታ ሊፈነዳ ደረሰ። ከማማው ዘልዬ ወርጄ ጭቃውን እየተንሸራተትኩ ወደ ቤት ሮጥኩ።

አጎቴ ኡመሬ ደጃፉ ላይ ተቀምጦ ጫት ይቀነጥሳል። ረጅም፣ ጺሙን በሂና ያቀላ፣ ብዙ የማይናገር ሰው ነው፤ ሰው ሲጣላ የሚጠራው እሱ ነው።

«አጎቴ! መንግሥት ለአረፋ መስኩን እያዘጋጀልን ነው!» አልኩት።

«ምን?»

«ለሸጎዬ! ሴቶች በዚህ፣ ወንዶች በዚያ፤ በገመድ ለክተውታል። አሁን ማንም አይጣመምም!»

አጎቴ ሳቀ። በዚያ ክረምት ሲስቅ ያየሁት ያኔ ብቻ ነው፤ ሳቁም ወዲያው ወደ ሳል ተለወጠ። ተነስቶ ገደሉ አፋፍ ሄደና ቁልቁል ሲያይ ቆየ። ሲመለስ የቀነጠሰውን ጫት አፉ ውስጥ ማድረግ ረስቶ በእጁ ይዞት ነበር።

ከጥቂት ቀናት በኋላ ሁሉም ሰው ቤቱን አፍርሶ ወደ መስኩ እንዲወርድ ታዘዘ። የኛ ሸንተረር በአንደኛው ረድፍ፣ የማዶው ሸንተረር በሌላኛው ረድፍ። ጣራ ሲወርድ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ወንዶቹ ከሥሩ ገብተው በትከሻቸው ሲያነሱት ከላይ ሣሩ ብቻ፣ ከታች ደግሞ እግር ብቻ ነው የሚታየው። የአጎቴ ቤት ጣራ እግር አውጥቶ ቁልቁለቱን ሲወርድ እኔ በሳቅ ሞትኩ። አዴ ሰፊያ የቆመችበትን የምድጃ ቦታ እያየች ታለቅስ ነበር። ሙሚና ግን አላለቀሰችም። ምሰሶ በትከሻዋ ተሸክማ፣ ዝናቡ ፊቷ ላይ እየወረደ፣ ታዜማለች። አሁን ይገባኛል፤ ትልቅ ሰው ሁሉ ከቤቱ እየራቀ ሲሄድ እሷ ወደ ዩያ እየቀረበች ነበር።

በቆሎውን እዚያው ላይ ለጦጣዎቹ ትተንላቸው ወረድን። ጦጣዎቹ ተጠግተው ቤት ሠሩ ማለት ይቻላል፤ ማታ ማታ ድምፃቸው እስከ ታች ይሰማ ነበር።

አዲሱ መንደር ጭቃ ጭቃ ይሸታል። ግድግዳው ገና እርጥብ ነው፣ ጭሱ አይወጣም፣ በሁለቱ ረድፎች መሃል ያለው ሣር በሳምንቱ ተረግጦ ማጥ ሆነ። የዩያ አባት የአልዪ ቤት ከኛ ፊት ለፊት፣ ትንሽ ዝቅ ብሎ ነው። ዩያን በቅርብ ያየሁት ያኔ ነው። ትልቅ ጎፈሬ ያለው፣ ሚዶውን ጎፈሬው ላይ የሚሰካ፣ ጆሮው ትንሽ ሰፋ ያለ ልጅ። እንዲያ ገደል የሚያሻግር ድምፅ ከዚህ ቀጭን አንገት መውጣቱ አስገረመኝ። ገደል በመካከላቸው ሳለ ቀኑን ሙሉ ሲያወሩ የነበሩት ሁለት ልጆች አሁን በር ለበር ሲሆኑ አንዳቸው ሌላኛቸውን ቀና ብለው አያዩም። የአንዱ ረድፍ ሰው ሁሉ የሌላውን ረድፍ በር ነው የሚያየው፤ ሌላ የሚታይ ነገር የለም።

ነገር የተነሳው በውሃ ነው። ከማዶ የመጣ አንድ ጎረምሳ ከኛ ወገን የሆነች ልጅ ወንዝ ዳር ስትቀዳ ክንዷን ያዘ ተባለ። ወንድሟ በዱላ ራሱን ፈነከተው። በነጋታው ወንዶቹ በሁለቱ ረድፎች መሃል ዱላና ጩቤ ይዘው ተፋጠጡ። ሴቶች ይጮሃሉ። አጎቴ ኡመሬ ከዚህ፣ አልዪ ከዚያ ሮጠው መሃል ገቡና እጃቸውን ዘርግተው ቆሙ። የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር ደግሞ ከዳር ሆኖ «ደም ቢፈስ ጎረምሶቹን በሙሉ በመኪና ጭኜ ነው የማስረክበው» አለ። ወዴት እንደሚያስረክብ አልተናገረም፤ ለጦር ግንባር መሆኑ ግን ለሁሉም ገብቶት ዱላውን ዝቅ አደረገ።

በማግስቱ ከመንደሩ ጥግ ካለው ሾላ ሥር ሽማግሌዎች ተቀመጡ። ሙክት ታረደ፣ ጫት ቀረበ፣ እኔም ውሃ እንዳቀርብ ተላክሁ። አጎቴና አልዪ ቀኝ እጃቸውን ተያያዙ። የቀሩት እጃቸውን ወደ ላይ ዘረጉ። አጎቴ እንዲህ አለ፦

«ከዛሬ ጀምሮ የዚህ ረድፍ ልጅና የዚያ ረድፍ ልጅ ወንድምና እህት ናቸው። አንድ ውሃ ይጠጣሉ፣ አንድ መቃብር ይገባሉ። ይህን ያፈረሰ አላህ ቤቱን ያፍርስበት።»

«አሚን!» አሉ ሁሉም።

እኔ ከቃሉ ይልቅ እጃቸውን ነበር የማየው። አሰበ ተፈሪ አክስቴ ስትዳር አይቼ ነበራ፤ ኒካህ ሲታሰር ሁለት ወንዶች እጅ ለእጅ ይያያዛሉ፣ ዱዓ ይደረጋል፣ ሥጋ ይበላል። እዚህም ያው ነው። የሙሚና አባትና የዩያ አባት ኒካህ እያሰሩ ነው! አረፋ እስኪደርስ እንኳ አላስቻላቸውም! ማሰሮውን እዚያው ጥዬ ሮጥኩ።

ሙሚና ከቤቱ ጀርባ ግድግዳ ትመርጋለች፤ እጇ እስከ ክርኗ ጭቃ ነው።

«ሙሚና! ተዳርሽ! አባትሽና የዩያ አባት ኒካህ አሰሩ፣ በዓይኔ አየሁ!»

ፊቷ ሲበራ አየሁ። እንደዚያ ሲበራ ያየሁት ፊት ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም የለም። ከዚያ ቀስ ብላ፣ «ምን አሉ? ቃሉን ንገሪኝ» አለችኝ።

በቃል መያዝ ጎበዝ ነበርኩ፤ በትምህርት ቤት የምመሰገነው በዚያ ነው። አንድም ሳላስቀር ነገርኳት።

«ወንድምና እህት ናቸው አሉ?»

«አዎ!»

«አባቴ ነው ያለው? በራሱ አፍ?»

«በራሱ አፍ!» አልኩ በኩራት።

ወደ ግድግዳው ዞረች። መረገችው፣ ያንኑ ቦታ፣ ደጋግማ፤ ጭቃው እስኪላላ፣ ከሥሩ ያለው እንጨት እስኪታይ ድረስ። እኔ ለምን እንደማትስቅ ግራ ገብቶኝ አጠገቧ ቆሜ ነበር።

ማታ ከእራት በኋላ አዴ ሰፊያ ባሏን አፋጠጠችው። እኔ የተኛሁ መስያለሁ፤ ሙሚና ከበረት በኩል ነበረች።

«የሙሚና አባት፣ ሁለቱን ልጆች ብቻ አውጧቸው። ባለፈው አረፋ ቆመዋል እኮ፤ ከመሐላው በፊት ነው። ለሽማግሌዎቹ ንገራቸው፣ አንተን ይሰሙሃል።»

«ለገዛ ልጄ ብዬ ካፈረስኩት ሌላው ለምን ይጠብቀዋል?» አለ አጎቴ። «ትናንት ጩቤ የመዘዙትን አይተሻል። ደም ቢፈስ የሚጫኑት ሁሉም ናቸው፤ ያ ልጅም ጭምር። ቢያንስ እዚህ በሕይወት ይኑር።»

«የልጅህን ነገር ታውቅ ነበር?»

አጎቴ የምድጃውን ፍም በእንጨት ቆስቆስ አደረገ። 

«አውቅ ነበር። ባለፈው አረፋ ከዳር ቆሜ አይቻቸዋለሁ» አለ። «ያምሩ ነበር።»

አዴ ሰፊያ ትቀይመው ይሆን ብዬ ነበር፤ እሷ ግን ጋቢውን አንስታ ትከሻው ላይ ደረበችለት።

አረፋ ደረሰ። ጠዋት ተሰገደ፣ ታረደ፣ ልጆች ሁሉ አፋችን በስብ ተለወሰ። ከሌላ ሰፈር ግን ማንም አልመጣም፤ ያለ ይለፍ ወረቀት ከመንደር ወደ መንደር መሄድ ተከልክሎ ነበር። ለሸጎዬ ደግሞ ማን ይለፍ ይጠይቃል? ጎረምሶቹን አባቶቻቸው ከቤት እንዳይወጡ አዘዋቸዋል። ከአስር ሰዓት ሶላት በኋላ ፀሐይ ከደመናው ወጣ ስትል የዚያኛው ረድፍ በሮች ሁሉ ተዘግተው ነበር።

ሙሚና ቅሉን አወጣች። ያን ሁሉ ጊዜ ጣቷን ያልነከረችበትን ቅቤ በሙሉ ራሷ ላይ አፈሰሰችው፤ በግንባሯ፣ በአንገቷ፣ በልብሷ ላይ ወረደ። እናቷ አልከለከለቻትም። ወጥታ ከበራችን ፊት ቆመች። አንዷ ልጃገረድ መጥታ አጠገቧ ቆመች፣ ከዚያ ሌላዋ፣ ከዚያ ሌሎቹ፤ ሙሉ ረድፍ ሆኑ። ፊት ለፊታቸው ማጡና የተዘጉት በሮች ብቻ። እግራቸው ጀመረ። አንገታቸው ጀመረ። ሙሚና አወጣች፤ ዜማው በኦሮምኛ ነው፣ በአማርኛ ሳስቀምጠው ግማሽ ጣዕሙ ይጠፋል፦

«ገደሉ ነበረ ድምፄን የሚያሻግር፤
ሜዳው ዋጠብኝ፣ ለማን ልናገር?»

ከተዘጋው ከአልዪ ቤት ውስጥ፣ ከበሩ ጀርባ፣ መልስ መጣ፦

«በገደል ተለይተን ስንጠራራ ከርመን፤
በር ለበር ሲያኖሩን ድምፅ አጠረን።»

መሐላው ፊት ለፊት መቆምን እንጂ በቤት ውስጥ ሆኖ ማዜምን አልከለከለም። ሌሎቹም ጎረምሶች ይህ የገባቸው ይመስለኛል፤ ከየቤቱ ጭብጨባ ተነሳ። የጭቃው ቤት ሁሉ ያጨበጭብ ጀመር። ልጃገረዶቹ ለባዶው መሬት ፊታቸውን እየሰጡ፣ ሹሩባቸውን እየበተኑ፣ ሲቀራረቡና ሲመለሱ ሳይ እኔ ከደስታዬ የተነሳ ብቻዬን እዘል ነበር። ቤት ሲጨፍር ያየሁ የአሰበ ተፈሪ ልጅ እኔ ብቻ ነኝ ብዬ።

አጎቴ ኡመሬ ደጃፉ ላይ ቁርበት አንጥፎ ተቀምጦ ነበር። ራሱን ደፍቷል። ሙሚና አንገቷን ስትወረውር ዓይኗ አባቷ ላይ አረፈ። አየኋት፤ ዜማዋን ያዝ አደረገችው። ሸጎዬ ሲዘጋ ልጅቱ ወንዱን በምን እንደምትጠራው ትናገራለች፣ እሱም በዚያው ይመልሳል። ካልመለሰላት ሰው ፊት እንደናቃት ይቆጠራል፤ ከረድፏ ወጥታ ወደ ቤት መግባትም አይሆንላትም። ሙሚና ዘጋችው፦

«ያባቴን ቃል ይዤ ደጅህ ላይ ቆሜያለሁ፤
ደህና ዋል ወንድሜ፣ እህትህ ሆኛለሁ።»

ጭብጨባው ከየቤቱ ጠፋ። የልጃገረዶቹ እግር ብቻ ቀረ። ከአልዪ ቤት መልስ አልመጣም።

ደገመችው። ድምፅዋ በመሃሉ ተሰነጠቀ። አሁንም መልስ የለም። እግሮቹ እየቀነሱ ሄዱ፤ ልጃገረዶቹ እርስ በርስ ተያዩ። ሙሚና ቅቤው በፊቷ ላይ እየወረደ፣ ከእንባው የማይለይ ሆኖ፣ ቆማ ቀረች። እኔም የዚያን ጊዜ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ምን እንደተደረገ ገባኝና መዝለሌን ተውኩ።

አጎቴ ተነሳ። ጫማውን አላደረገም። ማጡን በባዶ እግሩ ተሻግሮ የአልዪ በር ላይ ደረሰና ግንባሩን ሊያስነካው እስኪደርስ ወደ እንጨቱ ጠጋ አለ። ማንንም ለምኖ የማያውቅ ሰው ነው።

«ዩያ፣ ልጄ» አለ። «መልስላት። እባክህ፣ ሰው ፊት አታቁማት።»

 ከዚያ ድምፁ መጣ፤ ከበሩ ሥር ነው የመጣው፣ መሬት ላይ ሳይቀመጥ አልቀረም። ዜማ አልነበረውም።

«እሺ፣ እህቴ።»

ልጃገረዶቹ እግራቸውን መሬት ላይ አሳርፈው ሸጎዬውን ዘጉት። ሙሚና ራሷን ቀና አድርጋ፣ በሥርዓቱ፣ ከረድፏ ወጥታ ወደ ቤት ገባች። አጎቴ ከአልዪ በር ዞረና መሃል መሃሉን ይራመድ ጀመር። የራሱን ደጃፍ አልፎ ሄደ። አዴ ሰፊያ በሩ ላይ ቆማ፣ «የሙሚና አባት፣ ቤቱ እዚህ ነው» አለችው። አልሰማትም፤ ረድፉ እስከሚያልቅበት ድረስ ሄደ።